የማን ፍንጃል ነበር?

ባለፈው ወር ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ አንድ አሮጌ ሲኒ ገዛሁ። ሲኒ መግዛት ለእሑድ ጋዜጣ የሚበቃ ወሬ ነውን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ሲኒውን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ስሄድ ይህን ያህል የሚያስጽፍ ነገር አገኝበታለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ሲኒው ነጭና ወፍራም ነው። ከከንፈሩ ላይ ጥፍር የምታህል ሽራፊ ጎድላለች። ሥዕልም ሆነ ጌጥ የለበትም። የገዛሁት ስለ መልኩ ሳይሆን ገልብጬ መቀመጫውን ስላየሁት ነው። በዚያ ሪቻርድ ጂኖሪ የተባለው የታወቀ የኢጣሊያ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ስም ታትሟል፤ ከስሙ በታች ደግሞ በሮማውያን አኃዝ 14 የሚል ቍጥር አለ። ፋሺስቶች ዓመት የሚቈጥሩት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ጥቅምት ጀምሮ ነበርና፣ ዐሥራ አራተኛው ዓመታቸው በእኛ አቈጣጠር ከ1928 ጥቅምት እስከ 1929 ጥቅምት ያለው ነው።

ያ ዓመት ለደሴ ምን ዓመት እንደ ነበረ የከተማዪቱ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ አዘነቡባት። የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በከተማዪቱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኰሱ። ከአራት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ጠላት ደሴ ገባ፤ እስከ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስም አልወጣም። እንግዲህ ይህ ሲኒ የዚያን ዓመት ቍጥር መቀመጫው ላይ ተሸክሞ በሰማንያ ምናምን ዓመቱ እኔ እጅ ገባ።

ምናልባት የአንድ ኢጣሊያዊ መኰንን የጧት ቡና መጠጫ ነበር። ምናልባት አንድ አርበኛ የማረከው ነው። ምናልባትም ጠላት ከኮምቦልቻ በር ተገፍቶ ሲሸሽ ከጭነት መኪና ላይ የወደቀ ነው። ምናልባት የምትባል ቃል ከቡና ጋር ስትሆን እንዴት ትጣፍጣለች! ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፍዬ ነው የወጣሁት። ገበያ ውስጥ ሳይከራከሩ መክፈል ምን ማለት እንደ ሆነ እናቴ ብትሰማ ትነግረኝ ነበር።

በሳምንቱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አያቱን ሊጠይቅ ወደ ደጋን ሲሄድ ተከትዬው ወረድሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ኮምቦልቻ ከደረሱ በኋላ የባቲውን መንገድ ይዞ ጥቂት ሲኬድ ደጋን ናት። የደሴ ብርድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ካፖርት ለብሶ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል፣ ደጋን ሲደርስ የት ላስቀምጠው ይላል። ሲኒውን በቦርሳዬ ይዤው ነበር። ለምን ቢሉኝ፣ ለማሳየት ነው።

ወሎ ሲኒን ፍንጃል ይለዋል። ሁለቱም ስም በቀይ ባሕር ማዶ በኩል የመጣ ነው፤ ሲኒ የተባለውም በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ የዕቃው የመጀመሪያ አገር ስሙ ላይ ቀርቷል። እማማ ቄጤማቸውን ጎዝጕዘው፣ ዕጣናቸውን አጢሰው፣ ቡናውን ሲያቀርቡ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ፍንጃሎች አራት ብቻ ናቸው። እኛ ስድስት ነን። እንግዶቹ ቀድመን ጠጣን፤ የቤቱ ልጆች እስክንመልስ ጠበቁ። አቦሉ ካለቀ በኋላ፣ ወሬው ሲደራ፣ ሲኒዬን አውጥቼ ስለ ቍጥሩና ስለ ፋሺስት ዘመን አቈጣጠር አንድ አጭር ትምህርት ሰጠሁ። ጓደኛዬ በጣም ተደነቀ። እማማ ግን ሲኒውን ተቀብለው አገላበጡና፣

«ማን ሸጠልህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አንድ ሰው ነው፣ እማማ።»

«ስሙን ማን አልኸው?»

«አልጠየቅሁትም።»

«እሱስ ከማን አገኘው?»

«እሱንም አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የገዛኸው?» አሉና ሲኒውን መለሱልኝ።

ክፋት አልነበረበትም፤ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላብ ላብ አለኝ። አፌን ለማስያዝ ያህል ስለ አራቱ ፍንጃሎች ጠየቅኋቸው። ዐሥራ ሁለት ነበሩ። እናታቸው ከባቲ ገበያ ገዝተው ሲዳሩ የሰጧቸው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህ ሲዘልቅ ቤተሰቡ ቤቱን እንዳለ ጥሎ ሸሸ፤ ሲመለሱ ቍም ሣጥኑ ተገልብጧል፣ አራቱን ፍንጃሎች ከጓሮ አመድ ውስጥ ለቅመው አጠቧቸው። ማን ወሰደው ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ያላየሁትን እንዴት ብዬ እናገራለሁ?» አሉ። ቶናው መጣ።

ደሴ ከተመለስሁ በኋላ የእማማ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ ብል ግነት ይሆናል፤ ሆኖም መጽሐፍ አስገለጠኝ። የጦር ዘመን መታሰቢያ ሸክላ መሰብሰብ በሌላው ዓለም የታወቀ ሥራ ነው፤ በተለይ እንግሊዞች ተክነውበታል። ስቶክ ኦን ትሬንት በተባለችው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ዊልያም ሄንሪ ጎስ የተባለ ሰው ፋብሪካ ነበረው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዶልፈስ የተባለው ልጁ አንድ ዘዴ አመጣ። በባቡር ለሽርሽር የሚወጣው ሕዝብ ከየከተማው ይዞት የሚገባ ርካሽ መታሰቢያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትንንሽ ነጫጭ ዕቃ ሠርቶ የየከተማውን ዓርማ በቀለም እያተሙ መሸጥ ነው። ንግዱ ደራ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እነዚያው ፋብሪካዎች ከዚያው ነጭ ሸክላ የጦር መርከብ፣ አምቡላንስ፣ አውሮፕላንና የመድፍ ጥይት መሥራት ጀመሩ። ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ የገባው በ1916 (እ.ኤ.አ.) መስከረም በሶም ግንባር ነው፤ ብዙም ሳይቈይ የሸክላ ታንክ በእንግሊዝ ሳሎን መደርደሪያ ላይ በአበባ ማስቀመጫና በሰዓት መካከል ተቀመጠ።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ አልወደድሁትም። ልጇ በምሽግ ውስጥ ያለ እናት የሸክላ ታንክ አቧራ ስታራግፍ ታየችኝ። ኋላ ግን የሰብሳቢዎቹን ሥርዓት ሳይ አሳቤን በከፊል ለወጥሁ። ለእነርሱ ታንኩ ብቻውን ብዙ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሚያወጣው በላዩ ያለው ዓርማ ከታሪኩ ጋር የገጠመ እንደ ሆነ ነው። የሊንከን ከተማ ዓርማ ያለበት ታንክ ከሌላው ይበልጣል፤ ታንኩ የተሠራው በሊንከን ነውና። አንዲት ታንክ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ዓርማ ለብሳ ከተገኘች ግን ቆንጆ ናት፣ ወሬዋ ግን ውሸት ነው ይሏታል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በዚያው ጦርነት ጊዜ ግሪምዌድስ የተባለ ፋብሪካ የሻምበል ብሩስ ቤይርንስፋዘርን የጦር ሜዳ የቀልድ ሥዕሎች በሰሐንና በኩባያ ላይ እያተመ ሲሸጥ፣ ዕቃዎቹ በ1917ቱ የብርድ ወራት ወንዶቹ ምሽግ ውስጥ ሲዋጉ በስታፎርድሺር ልጃገረዶች እጅ የተሠሩ መሆናቸውን እዚያው ላይ ጽፎበታል። በ1939 ደግሞ ሁለተኛው ጦርነት ሲጀመር አሉሚኒዮም ሁሉ ለጦር መሣሪያ ስለ ተወሰደ፣ ፕሬስተን በተባለች ከተማ የሚገኝ አንድ የንግድ ድርጅት በምትኩ የሸክላ የሻይ ማንቈርቈሪያ አሠርቶ ምክንያቱን በላዩ አሳተመበት። ለዓይን ብዙም የሚያምሩ አይደሉም። ነገር ግን ማን ሠራህ፣ ለምን ተሠራህ፣ መቼ? ቢባሉ ይመልሳሉ። የኔ ሲኒ መቼ ለሚለው ብቻ ይመልሳል፤ እርሱንም ቢሆን በግማሽ። ቍጥሩ የሚናገረው መቼ እንደ ተሠራ እንጂ መቼና በማን እጅ ደሴ እንደ ገባ አይደለም። ከ1933 በኋላ በአገራችን የቀረ አንድ ሰላማዊ ኢጣሊያዊ መካኒክ ያመጣው ቢሆንስ? ይህ እንግዲህ ያልወደድሁት ምናልባት ነው።

እኛ ይህን የመሰለ ሸክላ ሠርተን አናውቅም። ከወሎ ምድር የወጣ የጦር መታሰቢያ መጠጫ ግን አለ፤ እርሱም ዋንጫ ነው። የወጣውም በዋጋ አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንግሊዞች ራሳቸው ጽፈውታል። ቤተ መንግሥቱና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘረፈ። ምርኮው ወደ ደላንታ ሜዳ ሲወርድ ዐሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ ተጫነ። በሜዳው ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ቆመ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ገንዘብ ይዞ መጥቶ ነበርና ዋነኛው ገዢ እርሱ ሆነ። አምስት ሺህ ፓውንድ ያህል ተሰብስቦ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ለወታደሩ በነፍስ ወከፍ የደረሰው ጥቂት ብር ነው። መጽሐፉ፣ መስቀሉ፣ ጋሻው፣ ዋንጫው ግን ተሸጦ ባሕር ተሻገረ፤ በየመኰንኑ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ በየቍም ሣጥኑ ተደረደረ።

አሁን ልብ በሉ። ያ መኰንን አገሩ ሲገባ ምን አደረገ? ብዙዎቹ እንዳይረሳ ብለው ዕቃው ላይ «መቅደላ» ብለው ቀረጹበት፤ ወይም ወረቀት ለጠፉበት፤ ወይም ለልጆቻቸው ተናገሩ፣ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው። ይህን ያደረጉት ለጀብዳቸው ምስክር እንዲሆን ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ግዛት አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሲወጡ፣ መቅደላ ከዘመተ አንድ መኰንን ቤተሰብ የመጡ መሆናቸው የታወቀ ነበርና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፤ ሽያጩም ተሠረዘ። ከዚያ ሸሐራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ዋንጫዎቹን ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ገዝቶ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ አስረከበ። ወሳጁ ለኵራቱ ያኖረው ወሬ ከ153 ዓመት በኋላ የተወሳጁ መረጃ ሆነ ማለት ነው። ምንም ወሬ ሳይኖርበት በአንድ የእንግሊዝ ባላገር ቤት ቍም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዋንጫ ዛሬም አንድ የቀንድ ዋንጫ ነው፤ ማንም አይጠራውም።

ዋንጫዎቹ አዲስ አበባ የገቡት በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ነው። አቀባበልም ተደረገላቸው። በዚያው ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ መንግሥት ከተሞቹ መለቀቃቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። በዚያ መካከል የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፣ ተሰባብሯልም። ሙዚየሙ የተቋቋመው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የወሎ ዕቃ በአንድ በር ገባ፣ በሌላው በር ወጣ። ይህን ሁለት ወሬ በአንድ ገጽ ላይ ያወጣ ጋዜጣ ኖሮ እንደ ሆነ እኔ አላየሁም።

እኔ ስለ ሙዚየሙ ከሰማሁ በኋላ ያሰብሁት ስለ እማማ ስምንት ፍንጃሎች ነው። ሙዚየም ሲዘረፍ ቢያንስ ስሙ ይነገራል፤ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። የደጋን ቍም ሣጥን ኮሚቴ የለውም። ዛሬ ከእነዚያ ፍንጃሎች አንዱ በአንድ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ቢገኝ፣ እንደ እኔ ያለ አንድ ዲፕሎማ የያዘ ወጣት ገልብጦ መቀመጫውን ያይና «ምናልባት» እያለ ሳይከራከር ይገዛዋል። ከማን እንደ መጣ አይጠይቅም። ጠያቂ ከሌለ ሻጭ ምን አስጨነቀው? እውነቱን ለመናገር ሲኒዬን ሰኞ ገበያ ላይ ስገዛ ከየትኛው ጦርነት የተረፈ እንደ ሆነ እንኳ አላወቅሁም፤ ከ1928ቱ ይሁን ከ2014ቱ። ይህን ሳስብ ሲኒውን ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት፤ እንደ ተጠርጣሪ።

የሕግ ነገር ካነሣን፣ ቅርስን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳያወጣ ያዛል። በየወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት የተቀመጣችሁ ጓደኞቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የሴት አያቶቻችሁን ፍንጃል ሁሉ መዝግቡ አልላችሁም፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ከተከፈተ ለመዝገቡ ራሱ ሙዚየም ሊሠራለት ነው። ነገር ግን ለአንድ ዕቃ አንድ ቍራጭ ወረቀት ከየትም አይጠፋም። ማን ሰጠው፣ ከየት መጣ፣ በየትኛው ዓመት ምን ደረሰበት ብሎ ጽፎ፣ በስልክም ፎቶግራፍ አንሥቶ ማኖር ከአንድ ቡና ጊዜ አይበልጥም። የእንግሊዝ መኰንን ለዘረፈው ዋንጫ ያደረገውን እኛ በዋጋችን ለገዛነው ፍንጃል ብናደርገው ነውር የለበትም።

ያን ሰኞ ወደ ገበያው ተመልሼ ሻጩን ፈለግሁት። እዚያው ተቀምጧል፤ ሌላ ሲኒ ልገዛ የመጣሁ መስሎት ደስ አለው። ከማን እንዳገኘው ስጠይቀው ደስታው ቀነሰ። ከብዙ ማስጨነቅ በኋላ፣ ሸዋ በር በኩል አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከብረታ ብረትና ከጠርሙስ ጋር በጆንያ የገዛው መሆኑን ነገረኝ። የቤቱ ባለቤት? ሞተዋል። ልጆቻቸው? አዲስ አበባ ናቸው መሰለኝ። ስማቸውን ማን አልኸው? ሻጩ እኔ ደጋን ላይ ያደረግሁትን ፊት አደረገ፤ አዘንሁለት። ወረቀቴ ላይ ይህንኑ ጻፍሁ፤ «ከሸዋ በር፣ ከፈረሰ ቤት፣ በጆንያ»። መኰንኑም አርበኛውም ከጭነት መኪናው የወደቀውም ቀሩ። ሲኒው ትንሽ አነሰብኝ፤ ግን አሁን የእኔ ሆነ።

ደብተሬን ይዤ እንደገና ወደ ደጋን የወረድሁት ካለፈው እሑድ በፊት በነበረው ዓርብ ነው። እማማ አራቱን ፍንጃሎች በጨርቅ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ፤ ጓደኛዬ ነግሯቸው ኖሯል። ፎቶግራፍ አነሣኋቸው። ባቲ፣ የእናታቸው ስም፣ የሠርጉ ዘመን፣ የሸሹበት ቀን፣ የተመለሱበት ቀን፣ አመዱ፤ ሁሉንም እየነገሩኝ ጻፍሁ። መጨረሻ ላይ የጻፍሁትን አንብብልኝ አሉኝ። «... ከዐሥራ ሁለቱ አራቱ ሲተርፉ ስምንቱ በጦርነቱ ጠፉ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ስምንት አይደለም» አሉ። «ስድስት ነው። አንዱን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፣ ዛሬም ቤቷ አለ። አንዱን ደግሞ የልጄ ሠርግ ዕለት ሳጥብ ራሴ ነኝ የሰበርሁት፤ እሱን ለጦሩ እንዳትጽፍበት።»